ጽድ አይበሰብስም ሲባል የትኛው ጽድ?

ጥያቄ፦ «ወሎ ውስጥ ኩታበር አካባቢ ቤት እየሠራሁ ነው። ከፈረሰው የአያቴ ቤት የወጡ የጽድ ወራጆችና አግዳሚዎች አሉኝ። ከእነሱ ሌላ 14 የጽድ ቋሚ ከነጋዴ ገዝቻለሁ፤ ገና እርጥብ ናቸው። አናጢዬ ‹ጽድ አይበሰብስም፣ ምስጥም አይደፍረውም፤ ዝም ብለህ ቅበረው› ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው፣ አለዚያም እግሩን በእሳት ለብልበው ይላል። ከአሮጌው እንጨት በርና መስኮት፣ የልብስ ሳጥን፣ ከተረፈም የዱቄት ማስቀመጫ ማሠራት አስባለሁ። አናጢው ሲሞክረው ግን ሚስማር በተመታ ቁጥር እንጨቱ ይሰነጠቃል። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ አናጢዎ ያሉት ነገር ለጽድ ቀይ ውስጥ እውነት ነው፤ ለግንዱ በሙሉ ግን አይደለም። የሐበሻ ጽድ ሲቆረጥ ሁለት ቀለም ያሳያል። ከቅርፊቱ ሥር ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ቀለበት አለ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው ቀይ ነው፣ ትኩስ ሲሆን ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ። መበስበስንና ምስጥን የሚከላከለው ዛፉ በዕድሜው በዚህ ቀይ ክፍል ውስጥ ያጠራቀመው ሽታ ያለው ዘይትና አብረውት ያሉት ንጥረ ነገሮች ናቸው። ነጩ ክፍል ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ያመላልስበት የነበረ ነው፤ ለፈንገስና ለምስጥ ምግብ የሚሆን ነገር አለበት፣ መከላከያው ግን የለውም። መሬት ውስጥ ሲገባ ከማንኛውም ተራ እንጨት አይሻልም።

ይህ በተለይ ቀጭን ቋሚ ላይ ከባድ ነገር ነው። የገዙት ቋሚ ውፍረቱ 12 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ነጩ ዙሪያውን 2 ተኩል ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቀዩ 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ነጩ በጥቂት ዓመት ሲበላ የሚቀረው ቋሚ ሳይሰበር መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ ከመጀመሪያው አንድ አምስተኛ ገደማ ይሆናል፤ ምክንያቱም ይህ አቅም ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ እየተባዛ የሚሄድ ነው። ቀዩ አልበሰበሰም፤ ቋሚው ግን ጉድጓዱ ውስጥ ላልቶ ይወዛወዛል። «ጽድ ነው ብለው ሸጡልኝ፣ በሰበሰብኝ» የሚባለው አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ የ14ቱን ጫፍ በመጋዝ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያስቆርጡና በዚያው ቀን ይለኩ። ትኩስ ቁርጥ ላይ ቀዩና ነጩ በግልጽ ይለያሉ፤ አየርና ፀሐይ ሲያገኘው ቀዩ ወደ ቡናማ ይደበዝዛል፣ ያን ጊዜ ለማየት ውሃ ማስነካት ያስፈልጋል። መሀሉንም ይመልከቱ። ያረጀ ጽድ ቆሞ ሳለ ውስጡን የሚበላ ፈንገስ ይይዘዋል፤ ከውጭ ጤነኛ መስሎ መሀሉ ኪስ ኪስ እየሆነ የተቦረቦረ ወይም ጭራሽ ባዶ ሊሆን ይችላል። ዛፉ ላይ ምልክቱ ከግንዱ የወጣ ጠንካራ እንጉዳይ ነው። የተቆረጠውን በመጥረቢያ ጀርባ ሲመቱት ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ይታፈናል።

ከዚህ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ የገዙት በእርግጥ የሐበሻ ጽድ ነው? ገበያው «ጽድ» የሚለው የፈረንጅ ጽድንም ነው። ይህ ዛፍ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ በአጥርና በተተከለ ደን በየቦታው የሚታይ፣ ቀጥ ብሎ ቶሎ የሚያድግ ነው። ዛፉ ቆሞ ከሆነ ፍሬው ይለየዋል፤ የሐበሻው ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚሄድ ነው፤ የፈረንጁ ደግሞ ደረቅና እንደ እንጨት የጠነከረ እንክብል ነው። የተቆረጠውን ለመለየት ቀለምና ሽታ ይርዳዎት፤ የፈረንጁ ውስጥ ወደ ቢጫ ቡናማ ያደላል፣ ነጩ ዳር ሰፊ ነው፣ ሽታውም ያን ያህል አይደለም። የሐበሻውን በቢላ ሲፍቁት እርሳስ የተቀረጸ ያህል ይሸታል፤ ለነገሩ እርሳስም ይሠራበታል። ክብደትም ይናገራል፤ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የ2 ሜትር እንጨት በደንብ ከደረቀ በኋላ የሐበሻው ከ11 እስከ 12 ኪሎ ይመዝናል፣ የፈረንጁ ግን 9 ኪሎ ገደማ ነው። እርጥብ እያለ ሚዛን አይታመንም። የፈረንጅ ጽድ ለኮርኒስ፣ ለመደርደሪያና ለቤት ውስጥ ዕቃ ጥሩ ነው፤ መሬት ግን አይግባ። በነገራችን ላይ በጽድ ስም አንዳንዴ የሚሸጠው ዝግባም እንዲሁ ነው፤ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሽታ የለውም፣ ምስጥ ይወደዋል።

ነጋዴውን ወረቀት ይጠይቁት። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና ጽድን በስም ጠርቶ ከተፈጥሮ ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ በ2010 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065ም ያለ ፈቃድ ደን መቁረጥንና የደን ውጤት ማጓጓዝን ይቀጣል። ወረቀት የሌለው ጭነት ኬላ ላይ ሲያዝ የሚከስረው ነጋዴው ብቻ አይደለም። በወሎ የቀረው የተፈጥሮ ጽድ በአብዛኛው የጎፍና ደንቆሮ በሚባሉት ደኖችና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። ጽድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ የተቆረጠው ተቆረጠ ነው፣ የሚተካውም ቀስ ብሎ ያድጋል። በእጅዎ ካለው ሁሉ ንጹሕና ውድ የሆነው የአያትዎ ቤት እንጨት ነው፤ እሱን ለማገዶ እንዳይሰጡ።

አሁን ወደ መቅበሩ። እንጨትን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ውሃም አየርም ይፈልጋል። ጥልቁ ላይ አየር ያንሰዋል፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ይደርቅበታል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ የሚያገኘው አፈሩ ፊት ላይ ነው። ቋሚ ሁልጊዜ ከአፈሩ በላይ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከአፈሩ በታች ደግሞ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ባለው ቦታ ተቆርጦ የሚወድቀው ለዚህ ነው። «የድሮው ቤተ ክርስቲያን እንጨት እስከ ዛሬ አለ» የሚለው ክርክርም እዚህ ጋ ይፈታል። ከላሊበላ ሰሜን ምሥራቅ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ በእንጨትና በድንጋይ ድርብርብ ተሠርቶ ስንት መቶ ዓመት የቆመው ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ ስለማያገኘው ጭምር ነው። የእንጨት ዕድሜ ግማሹ ከዘሩ ነው፣ ግማሹ ከደረቅነት።

ስለዚህ የቤትዎን ቋሚዎች አይቅበሩ። ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ መሠረት ያሠሩ፤ ቋሚው በላዩ ላይ ይቁምና መሠረቱ ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር በቡሎን ይያዝ። በእንጨቱና በሲሚንቶው መካከል ቆርቆሮ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ይግባ፤ ሲሚንቶ ከሥር ውሃ ይስባል። ከፍታው ሌላም ጥቅም አለው፤ ምስጥ ወደ እንጨቱ ለመውጣት በመሠረቱ ላይ የጭቃ መንገድ መሥራት ግድ ይሆንበታል፣ ያን ያዩታል፣ ይፍቁታል። ቤቱ በጭቃ የሚመረግ ከሆነ የምርጊቱ ታች ከመሬት ጋር እንዳይገናኝ ያድርጉ፤ ጭቃው አፈር ላይ ከወረደ ምስጡ ተሸሽጎ ይወጣል፣ የሠሩት ከፍታም ከንቱ ይሆናል።

ለአጥር ወይም ለበረንዳ መቅበር ግድ ከሆነ ከሥር ያለውን 1 ሜትር ነጩን በመጥረቢያ ጠርበው ቀዩ እስኪወጣ ያንሱት፤ ሲጠረብ ቀዩ ከ10 ሳንቲ ሜትር የሚያንሰውን አይቅበሩ። ጉድጓዱ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ያግኝ፤ ዙሪያው በድንጋይና በአፈር እየተረገጠ ይሞላ፤ ላዩ ውሃ ወደ ውጭ እንዲሸሽ ጉብ ይበል። ታቹ ተዘግቶ እንደ ኩባያ የተሞላ ሲሚንቶ ውስጥ እንጨት ማቆም ዛሬ በጣም ተለምዷል፤ ስሕተት ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በዙሪያው ክፍተት ይፈጠራል፣ የክረምት ዝናብ እዚያ ገብቶ ይተኛል። ሲሚንቶ ካስፈለገ ታቹ ለጠጠሩ ክፍት ይተው፤ አናቱም ተዳፋት ይኑረው።

የተቃጠለ ዘይት ገንዘብ ባያስወጣም ጥቅም የለውም። ቀዩ እንጨት የራሱ ዘይት ስላለውና ቀዳዳው የተደፈነ ስለሆነ አያስገባውም፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ ከነጭራሹ አይጠጣም። ላዩ ላይ ቀርቶ ልብስና እጅ ያቆሽሻል፣ በዝናብ ታጥቦ አፈሩንና ጉድጓድ ውሃውን ይበክላል። ሬንጅ በእርጥብ እንጨት ላይ መቀባት ከዚህም የባሰ ነው፤ ውሃውን ውስጥ ያፍነዋል። እግሩን መለብለብ ለቀዩ አያስፈልገውም፣ ለነጩ አይበቃውም። ከሰሉ ራሱ አይበሰብስም፤ ግን እንጨቱ እየደረቀ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ከሰሉን አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ፈንገሱም በዚያው ይገባል።

እርጥቡን ቋሚ በተመለከተ፤ ጽድ ሲደርቅ ብዙ ባይኮማተርም ፀሐይ ላይ ከተተወ ፊቱና ጫፉ ቶሎ ይሰነጠቃል። ጫፎቹን ዛሬውኑ ወፍራም የዘይት ቀለም ወይም የቀለጠ ሰም ይቀቡ፤ ውሃ በጫፍ በኩል ከጎን ይልቅ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወጣልና መጀመሪያ የሚፈነዳው እሱ ነው። ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው፣ በጥላ ሥር፣ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ መለያ ዘንግ እያስገቡ ይደርድሩ። መለያዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይሁኑ፤ አለዚያ ይጎብጣል። በደጋው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ምርጡ ነው፤ የበልግ ዝናብ ሲጀምር ላዩን በቆርቆሮ ይሸፍኑ፣ ጎኑ ግን ነፋስ ያግኝ። 2 ተኩል ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ በጥቂት ወራት ይደርቃል፤ 12 ሳንቲ ሜትር ቋሚ ግን አንድ በጋ አይበቃውም። መድረሱን ለማወቅ አንድ ቁራጭ መርጠው በየሳምንቱ ይመዝኑት፤ ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ ከአየሩ ጋር ተስተካክሏል ማለት ነው።

ቤቱ አይጠብቅም የሚሉ ከሆነ ቋሚው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም ሊቆም ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ግድግዳው በሚዞረው አንድ ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች በመጋዝ እስከ መሀሉ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስገቡበት። እንጨቱ መሰንጠቁ አይቀርም፤ እርስዎ በፈለጉት በኩል ይሰነጠቅ። ቡሎኖቹን ከመጀመሪያው በጋ በኋላ እንደገና ያጥብቁ።

ሚስማሩ የሚሰነጥቀው አናጢው ስለማይችል አይደለም። የጽድ ጅማት ቀጥ ያለና ደቃቅ ነው፤ ለመላጊያ ምቹ የሚያደርገው ይኸው ባሕርይ በጅማቱ አቅጣጫ እንደ ችቦ በቀላሉ እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል። ሲደርቅ ደግሞ ተሰባሪ ይሆናል። መፍትሔው ትራፓኖ ነው። ለ4 ሚሊ ሜትር ሚስማር በ3 ተኩል ፑንታ፣ ለ5 ሚሊ ሜትር ቪቴ ደግሞ በ3 ተኩል፣ ጉጥ አጠገብ ከሆነ በ4 ይብሱ። ከጣውላው ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ሳይርቁ ሚስማር አይምቱ፤ ሁለት ሚስማር በአንድ የጅማት መስመር ላይ አያሰልፉ፣ አንዱን ወደ ጎን ያንሸራቱት። መብሻ በሌለበት የሚስማሩን ሹል በመዶሻ ማደደብ ይረዳል፤ ሹሉ ጅማቱን ይሰነጥቃል፣ ደደቡ ግን ቆርጦ ይገባል። መላጊያውም ስለቱ የተሳለ ይሁን፤ ጉጦቹ ዙሪያ ጅማቱ ስለሚዞር በደደበ ስለት ይገነጠላል።

የማይበሰብስ ማለት ጠንካራ ማለት አይደለም። ጽድ ሲጫን ብዙ ሳይጎብጥና ሳያስጠነቅቅ ድንገት ይሰበራል፤ ስለዚህ ለረጅም አግዳሚ፣ ለመሰላል፣ ለመሣሪያ እጀታ አይሁን። ለእጀታ ወይራ አለ፤ ለረጅም አግዳሚ ደግሞ ከመሬት የማይገናኝ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሻላል። ከአሮጌው ቤት የወጡትን አግዳሚዎች መልሰው ለጣሪያ መሸከሚያ ለማድረግ ካሰቡ በድንጋዩ ግድግዳ ውስጥ የነበረውን ጫፍ በወስፌ ይውጉ። ወስፌው ሳይታገል ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከገባ ጤነኛው እስኪገኝ ይቁረጡት፤ ግድግዳ ውስጥ የኖረ ጫፍ ከጭቃው እርጥበት ስለሚጠጣ ቀዩም ቢሆን ሊደክም ይችላል። እኔ የምመክረው ግን መሸከሚያ እንዳያደርጉት ነው። ለረጅም ዘመን ተረጋግቶ የደረቀ ቀይ ጽድ በገበያ የማይገኝ የበርና የመስኮት እንጨት ነው፤ ጣሪያ ላይ ሰቅሎ መደበቅ ያሳዝናል።

በሩን ሲያሠሩ መጀመሪያ ሚስማሮቹን በሙሉ ያስወጡ፤ የተሰበረ ሚስማር በማግኔት ይፈለጋል፤ አንድ ያልታየ ሚስማር የመጋዙን ጥርስ ይጨርሳል። ማዕቀፉ ሚስማር ተመትቶ ሳይሆን ወንድና ሴት ተሰካክቶ ይያዝ። የመሀሉ ጣውላ በማዕቀፉ ቦይ ውስጥ ይግባ፤ ኮላ ግን አይነካው፣ በግራም በቀኝም 3 ሚሊ ሜትር መተንፈሻ ይተውለት። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በክረምትና በበጋ መካከል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይሰፋል ይጠባል፤ ከደሴ ወደ ቆቦ ቆላ የሚወርድ ዕቃ ላይ ደግሞ ይህ በግልጽ ይታያል፤ የተያዘ ጣውላ መሀሉን ይሰነጠቃል። ቀዩን መርጠው ለደፉና ለመስኮቱ ታች ይስጡት፤ ውሃ የሚያርፈው እዚያ ነው። ነጭ ያለበት ጣውላ ወደ ውስጥ በሚታየው ፊት ላይ ይሁን።

ኮላ የሚቀባው ጽዱ በተላገ በዚያው ቀን ነው። ዘይቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ የቆየ ፊት ኮላ አይዝም፤ ከመቀባቱ በፊት በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ይጠቅማል። ቫርኒሽም በዘይቱ ምክንያት ቶሎ አይደርቅ ይሆናል፤ የመጀመሪያውን እጅ በአኳራጅ አቅጥነው በስሱ ይቀቡና እስኪደርቅ ይጠብቁ። ለውጭ በር ፀሐይ ቀለሙን ወደ ግራጫ እንደሚለውጠው ይወቁ፤ ይህ ብስባሽ አይደለም፣ በብርጭቆ ወረቀት ይነሣል። ሲልጉና ሲያሻሹ አፍና አፍንጫን ይሸፍኑ፤ ብናኙ ዓይንና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል፣ አስም ላለበት ሰው ደግሞ አደገኛ ነው።

ለልብስ ሳጥን ጽድ ጥሩ ምርጫ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ውስጡን ቫርኒሽ አይቀቡት። ተዘግቶ ሲቆይ ከእንጨቱ የሚተነው ዘይት ቫርኒሹን ያለሰልሰዋል፤ ነጠላውና ጋቢው ይጣበቅበታል። ውስጡ ባዶ እንጨት ይቅር፣ ውጩን ይቀቡ። ሽታው ብልን ያርቃል ሲባልም በልክ ነው፤ ልብሱ ላይ ቀድሞ የተጣለ እንቁላልና ያደገ ትል በጽዱ ሽታ አይሞትም። ልብሱን አጥበው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ካስቀመጡት ይጠቅማል። ሽታው ከዓመታት በኋላ ሲደክም ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ቢያሹት ይመለሳል።

የዱቄት ማስቀመጫውን ግን ይተዉት። ዱቄትና ቅቤ ሽታ ይስባሉ፤ ከጽድ ሳጥን የወጣ ዱቄት የሚጋገረው እንጀራ እርሳስ እርሳስ ይላል፣ ነቀዙንም አያስቆምልዎትም። ለዱቄት ክዳኑ የሚገጥም የቆርቆሮ ወይም የፕላስቲክ በርሜል ይግዙ። ከበሩና ከሳጥኑ የተረፈውን ቀይ ቁራጭ ለልብስ መስቀያ ያድርጉት፤ የመላጊያውን ፍቅፋቂ ደግሞ በስስ ጨርቅ ቋጥረው በልብሱ መካከል ያስቀምጡት።